ለሽማግሌዎች የተሰጠው ካዲላክ

ስጦታ መልካም ነገር መሆኑን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ነገር ግን፣ ስጦታ ሁሉ መልካም ነው ወይ? ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንደ ፊተኛው ቀላል አይሆንም። ሰው ቅኔ ሲቀኝ ቅኔው ይመረመራል፤ ቤት ሲሠራ ግድግዳው ይለካል። ስጦታ ሲሰጥ ግን አጨብጭበን እንለያያለን እንጂ፣ የተሰጠውን ነገር መርምረን፣ ይህ ጐድሏል፣ ይህ ተርፏል ብለን የምንናገር ጥቂቶች ነን። ሰጪን መንቀፍ ነውር ይመስለናልና። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የአንድ አውቶሞቢል ስጦታ እንደ አንድ ድርሰት ቈጥሬ ልመረምር አስቤአለሁ። የምነቅፈው ሥራውን እንጂ ሰውየውን አይደለም፤ በሥራው ውስጥ የራሴ እጅ ስላለበትም ከነቀፌታው ድርሻዬን አስቀድሜ እወስዳለሁ። ነገሩ የተፈጸመው በአሜሪካን አገር ስለ ሆነ፣ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት ካስተማርሁ በኋላ ጡረታ ወጥቼ፣ ልጄ በምትኖርበት በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድርያ ከተማ ተቀምጫለሁ። በዚያ አካባቢ የሚኖረው የአገራችን ሰው ብዙ ነው፤ ከነዚህም መካከል አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠራም። በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሰዶ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቶ፣ ልጆቹን አስተምሮ፣ ቤቱን ሠርቶ የተቀመጠ ታታሪ ሰው ነው። የቤቱን ዕዳ ከፍሎ የጨረሰ ዕለት ለራሱ ደስታ ብሎ አንድ ነገር ገዛ፤ ይኸውም በ1976 የተሠራ፣ ጣራው ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ካዲላክ ኤልዶራዶ የሚባል አውቶሞቢል ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን አውቶሞቢል አይተኸው እንደ ሆነ አላውቅም። ርዝመቱ ከአምስት ሜትር ተኩል በላይ ነው፤ ክብደቱ ከሁለት ሺህ ኪሎ ያልፋል፤ የሞተሩ መጠን 8.2 ሊትር ነው፤ ይህም ማለት ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የምናያቸውን የትንንሽ መኪናዎች ሞተር ስድስት ያህል አንድ ላይ ቢጨምሩት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግዝፈት ሳለ በሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው።

የሠሪው ኩባንያ ታሪክም የሚናቅ አይደለም። ካዲላክ በ1902 በዲትሮይት ከተማ ተመሠረተ፤ ስሙንም ያገኘው ከተማይቱን በ1701 ከቈረቈረው ፈረንሳዊ ነው። በ1908 በእንግሊዝ አገር ሦስት ካዲላኮች ተፈታትተው፣ ዕቃዎቻቸው እርስ በርስ ተደባልቀው፣ እንደገና ሦስት መኪና ሆነው ተገጥመው 500 ማይል ሮጠዋል። የአንዱ ብሎን ለሌላው ልክ እስኪሆን ድረስ በጥንቃቄ ተሠርተው ነበርና። በ1912 ደግሞ በእጅ ማዞሪያ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር ያቀረበ እሱ ነው። እንግዲህ መኪናውን የሚወድ ሰው ሞኝ ነው ልል አልችልም። በጥበብ የተሠራ ነገር መወደድ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ሰው በዕቃ ላይ የሚሰቅለው ዋጋ ከዕቃው ጋር አብሮ የማይሄድበት ጊዜ አለ። በ1976 ጣራው የሚታጠፍ ኤልዶራዶ 14,000 ያህል ተሠራ፤ የአሜሪካ የመጨረሻው ክፍት አውቶሞቢል ነው ተብሎም ተወራ። ስለዚህ አንዳንዶች ሳይነዱት በጋራዥ ሸሽገው፣ ነገ በወርቅ ይሸጣል ብለው ጠበቁ። ኩባንያው ግን በ1984 ክፍቱን ኤልዶራዶ እንደገና ማውጣት ጀመረ፤ ከቀድሞዎቹ ገዢዎችም ተታለልን ብለው ክስ የመሠረቱ ነበሩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ተማሪዬ ግን ስግብግብ አልነበረም። መኪናውን እንደ ልጅ እያጠበ ይይዘው ነበር፤ ለፋሲካ ያወጣዋል፤ የአገራችን ሰው ልጁን ሲድር ለሙሽራው ያለ ዋጋ ያውሰዋል። በዚያ ከተማ በካዲላኩ ያልተሞሸረች ሙሽራ ብዙ አይደለችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመጨረሻ ጕልበቱን እየታመመ ስለ ሄደ፣ የመኪናውም ከባድ በር አስቸገረው፤ ባለቤቱም ጋራዡ ይለቀቅልኝ አለች። በዚህ ጊዜ፣ ሸጬ ገንዘቡን ከምበላ የአገሬ ሽማግሌዎች ይጠቀሙበት ብሎ፣ አረጋውያንን ለሚረዳ አንድ ትንሽ የወገኖቻችን ማኅበር ለመስጠት ቈረጠ። ሐሳቡ ከልብ የመነጨ ነበር፤ ይህን እመሰክራለሁ።

ሆኖም ከስጦታው ጋር ሁለት ነገር አስከተለ። አንደኛው፣ ስሙ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ በማኅበሩ ደጃፍ፣ መኪናው በሚቆምበት ቦታ ላይ እንዲተከል ነው። ሁለተኛው፣ ማኅበሩ መኪናውን እንዳይሸጥ፣ ለሥራው እንዲገለገልበት ነው። ቀጥሎም ወደ እኔ መጥቶ፣ «መምህር፣ የርክክቡን ንግግር እርስዎ ይጻፉልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። ጡረታ የወጣ መምህር የሚጽፈው ነገር ሲያገኝ እንደ ተጠማ ሰው ነው።

ንግግሩን በዕንቍጣጣሽ በዓል ላይ በብዙ ሰው ፊት አነበብሁት፤ ተጨበጨበልኝ። ግልባጩ አሁን በጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ እንደ ተማሪ ድርሰት በቀይ ቀለም አርሜዋለሁ። አምስት ገጽ ነው። ሁለቱ ገጽ ስለ መኪናው ይናገራል፤ ሁለት ገጽ ተኩሉ ስለ ሰጪው ይናገራል፤ ለሽማግሌዎቹ የቀረላቸው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው እንጂ ምን እንደሚቸግራቸው አያነሣም። ከዚህም የሚብሰው፣ «ይህ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወዲህ የሽማግሌዎቻችን እግር ይሆናል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለበት። ሕዝቡ ይበልጥ ያጨበጨበው እዚህ ላይ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ግን እውነት አልነበረም፤ እውነት መሆኑንም ከመጻፌ በፊት ማንንም አልጠየቅሁም። ተማሪ እንዲህ ያለ ድርሰት ቢያመጣልኝ ኖሮ ከአሥር ሁለት እሰጠው ነበር፤ ሁለቱም ለእጅ ጽሑፉ ነው።

አሁን የማኅበሩን ሁኔታ እንመልከት። ማኅበሩ አንዲት ያረጀች ቫን ነበረችው፤ ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ወደ ሐኪም የምታደርስ እሷ ናት። ካዲላኩ በመጣበት ወራት ቫኒቱ ተበላሽታ፣ ማሠሪያ ተብሎ ጥቂት ገንዘብ ተጠራቅሞላት ነበር። ካዲላኩ ሊተካት አልቻለም። በቨርጂኒያ ሕግ ዕድሜው ከ25 ዓመት ያላነሰ መኪና የቅርስ ታርጋ ሊያወጣ ይችላል፤ ተማሪዬም ያወጣለት ይህንኑ ታርጋ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ታርጋ ያለው መኪና ለትርኢት፣ ለሰልፍና ለአጭር ሽርሽር እንጂ ለዕለት ተዕለት መመላለሻ እንዲሆን አልተፈቀደም፤ ኢንሹራንሱም የተገባለት በዚሁ ልክ ነበር። ታርጋውን ለውጦ፣ ሰው ለማመላለስ የሚሆን ኢንሹራንስ ለመግባት ደግሞ ማኅበሩ የሌለው ገንዘብ ተጠየቀ። ይህ ሁሉ ቢቃና እንኳ፣ በሁለት በር መኪና የፊቱን ወንበር አጥፈው ወደ ኋላ የሚሾልኩ የሰማንያ ዓመት ሰው የት ይገኛሉ? ቤንዚኑም ቢሆን በከተማ ውስጥ አንዱ ጋሎን ከአሥር ማይል ብዙም አይዘልቅም።

ስለዚህ ካዲላኩ ቆመ። ሸራው ጣራ ውርጭ እንዳያበላሸው ተብሎ በየወሩ ኪራይ የሚከፈልበት መጋዘን ተያዘለት። ኪራዩና ኢንሹራንሱ ከየት ይከፈል? ለቫኒቱ ማሠሪያ ከተጠራቀመው ገንዘብ ተወሰደ።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሌሊት በሕመምተኞች ጠባቂነት የምትሠራ፣ ቀን ለማኅበሩ ያለ ደመወዝ የምትደክም ሴት ናት። አንድ ማታ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለሰውየው መንገር አፈርሁ። መኪናው እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ የሚበላው ግን ከኛ ነው። እንሽጠው እንዳንል ቃል ተቀብሎናል።»

«ለምን ያን ዕለት አልተናገርሽም?» አልኋት።

«እርስዎ ያን ያህል አሳምረው ካነበቡ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል?» አለችኝ።

ይህን ስትናገር አንድ የልጅነቴ ነገር ትዝ አለኝ። የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ደግ ሰዎች በየዓመቱ በሣጥን ልብስና ዕቃ ይልኩልን ነበር። አንድ ዓመት ሣጥኑ ሲከፈት፣ ከሹራቦቹ መካከል እግሩ ሥር ቢላዋ የመሰለ ብረት የተሰካበት ጫማ አገኘን፤ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ነው። የኛ አገር ቈላ ነው፤ በረዶ የምናውቀው ከዝናብ ጋር ሲወርድ ብቻ ነበር። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ባዶ እግራችንን ነበርን። መምህራችን ግን የምስጋና ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ፤ እኔም «ጫማው እጅግ ጠቅሞናል» ብዬ ጻፍሁ፤ ስላሳመርሁትም ተመሰገንሁ። ከአምሳ ዓመት በላይ ቈይቼ በዕንቍጣጣሽ ያነበብሁት ንግግር የዚያው ደብዳቤ ታናሽ ወንድም ነው። ባዶ እግሩን ሆኖ ያመሰገነ ልጅ፣ ሸምግሎ ሌሎችን ባዶ እግራቸውን ያስመሰግናል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

በማግሥቱ ወደ ተማሪዬ ሄድሁና ነገሩን ነገርሁት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«መምህር፣ ያመሰገኑት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ዛሬ ደግሞ ጥፋት ሆነ?»

መልስ አልነበረኝም። እሱም ቀጠለ፤ «ቢሸጡትማ ወረቀቱ ይበላሽብኛል» አለ። ወረቀቱ ምን እንደ ሆነ ስጠይቀው ነው የሁለተኛውን ቃል ኪዳን ምሥጢር ያወቅሁት። ይህን ለመረዳት የአሜሪካንን የግብር ሕግ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅት መኪና የሰጠ ሰው፣ ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት የስጦታውን ዋጋ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ሊያስቀንስ ይችላል። ቀድሞ ዋጋውን የሚገምተው ሰጪው ራሱ ስለ ነበረ፣ ግምቱ ከእውነቱ እየራቀ ሄደ። የአገሪቱ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ በ2000 የግብር ዓመት 733,000 ያህል ግብር ከፋዮች መኪና ሰጥተናል ብለው ማስቀነሳቸውን፣ በዚህም ምክንያት 654 ሚሊዮን ዶላር ያህል ግብር መቅረቱን ገመተ። ከዚያም መርማሪዎቹ ከሰጪው እጅ እስከ ድርጅቱ ካዝና ድረስ ሒሳባቸውን የተከታተሉላቸው 54 መኪናዎች ነበሩ፤ ከነዚህም በሁለት ሦስተኛዎቹ፣ ለድርጅቱ የደረሰው ገንዘብ ሰጪው ካስመዘገበው ዋጋ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት አንድ ሰው አንድ ሺህ ሰጠሁ ብሎ ሲጽፍ፣ ለችግረኛው የደረሰው አምሳ ወይም ከአምሳ በታች ነው ማለት ነው። የቀረው በጐታቹ፣ በአሻሻጩና በማስታወቂያው መካከል ቀልጧል፤ ወይም ከመጀመሪያው በወረቀት ላይ እንጂ በምድር ላይ አልነበረም።

ይህን ለማረም በ2004 ሕግ ወጣ፤ ከ2005 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ መሠረት፣ ሰጪው ከ500 ዶላር በላይ የሚጠይቅበትን መኪና ድርጅቱ ከሸጠው፣ ሊቀነስለት የሚችለው መኪናው በተሸጠበት ዋጋ ልክ ነው። ነገር ግን ድርጅቱ መኪናውን በእውነት ለሥራው ከተገለገለበት፣ ወይም ዋጋውን ከፍ የሚያደርግ ትልቅ ጥገና ካደረገለት፣ ወይም ለችግረኛ ሰው በነፃ ወይም በጣም ባነሰ ዋጋ ከሰጠው፣ ሙሉ ግምቱ ይያዝለታል። ሕጉ ብልህ ነው፤ ሰጪው የራሱን ጥቅም ሲፈልግ የድኻውንም ጥቅም እንዲፈልግ ሊያደርገው አስቧል። እንዲያውም በዚህ መንገድ በመልካም የሚሠሩ አሉ፤ በሜሪላንድ በ1999 የተመሠረተው ቪሂክልስ ፎር ቼንጅ የተባለው ድርጅት በስጦታ ያገኛቸውን መኪናዎች እየጠገነ፣ ወደ ሥራ መሄጃ ለሌላቸው ባለ ዝቅተኛ ገቢ ቤተ ሰቦች ያስተላልፋል።

ተማሪዬ ግን ካዲላኩን በገማች አስገምቶ 22,000 ዶላር ያወጣል ተብሎ ነበር። ማኅበሩ ከሸጠው ያን ያህል ላያወጣ ይችላል ብሎ ፈራ። ስለዚህ፣ እንገለገልበታለን የሚል ወረቀት ማኅበሩ ፈርሞ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ገንዘብ ያዥዋም የኔን ንግግር አምና ፈረመች። እነሆ፣ ውሸት መሆኑን ሳያውቅ በውሸት ላይ የፈረመ ሰው ተገኘ፤ ብዕሩን ያቀበልሁትም እኔ ነኝ።

ታዲያ ጥፋቱ የመኪናው ቅንጡነት ነውን? ቅንጡ አውቶሞቢል ለድኻ መስጠት ሁልጊዜ ከንቱ ነው ልንል ነውን? አይደለም። በታኅሣሥ 1964 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ወደ ሕንድ አገር በሄዱ ጊዜ፣ በቦምቤይ በአንድ አሜሪካን ሠራሽ ሊንከን አውቶሞቢል ይዘዋወሩ ነበር። ሊመለሱ ሲሉ መኪናውን በካልካታ ድኆችን ትረዳ ለነበረችው ለማዘር ቴሬሳ ሰጧት። ይህም ስጦታ ከላይ ሲታይ ከኛ ካዲላክ አይለይም፤ በካልካታ መንገድ ላይ የወደቀ ሕመምተኛ ሊንከን ምን ያደርግለታል? ሴትዮዋ ግን በመኪናው አልተሳፈረችም፤ እንደ ቅርስም አላስቀመጠችውም። ወዲያው ሎተሪ አውጥታበት፣ የተገኘውን ገንዘብ በአሳንሶል አቅራቢያ ሻንቲ ናጋር፣ ማለት የሰላም መንደር፣ ለተባለው የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች መኖሪያ አዋለችው።

በሎተሪው ላይ ነቀፌታ የሚያነሣ ሰው ቢኖር አልከራከረውም፤ ሎተሪ የምኞትን ኪስ የሚዳብስ ነገር ነውና፣ ለበጎ ሥራም ቢሆን ባይለመድ እወዳለሁ። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ያ መኪና ለተቀባይዋ የነበረው ጥቅም ክብሩ ነበር፤ ጳጳሱ የተቀመጡበት በመሆኑ ብዙ ሰው ይመኘው ነበር። እሷም ክብሩን ለራሷ ሳታስቀር ወደ ገንዘብ፣ ገንዘቡንም ወደ ቤት ለወጠችው። ይህን ልታደርግ የቻለችው ደግሞ በነፃነት ስለ ተሰጣት ነው። አትሽጪው፣ ስሜን ጻፊበት ተብላ ቢሆን ኖሮ፣ ሊንከኑ በካልካታ ዝናብ እየዛገ፣ ሕመምተኞቹም ባሉበት በቀሩ ነበር። ሁለቱን ስጦታዎች የሚለያቸው የመኪናው ዓይነት ሳይሆን፣ የሰጪው እጅ ከሰጠ በኋላ መሪውን መልቀቁና አለመልቀቁ ነው።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ነገርሁት፤ አልሰማኝም። ተኰራርፈን ተለያየን። እኔም ደክሞኝ ተውሁት፤ ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። አንድ ወር ተኩል ዝም አልሁ።

በጥር ወር ውርጭ ሆነ። በማኅበሩ የሚረዱ አንድ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ሐኪም ቀጥሯቸው ነበር። ቫኒቱ ገና አልተሠራችም፤ የሚያደርሳቸው ሰውም አልተገኘም። ሰው ማስቸገር የማይወዱ ስለ ነበሩ፣ በአውቶቡስ እሄዳለሁ ብለው በማለዳ ወጡ። ከማቆሚያው ሳይደርሱ በረዶ በጋገረው መንገድ ላይ አንሸራተታቸውና ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ካዲላኩ ጣላቸው አልልም፤ ሰው በብዙ ምክንያት ይወድቃል። ነገር ግን በዚያ ጠዋት ለካዲላኩ ደረቅ መጋዘን ሲከራይለት፣ ለእሳቸው መንገድ ላይ የሚያደርሳቸው እንዳልነበረ መካድ አይቻልም።

ልጠይቃቸው ስሄድ ተማሪዬን በሆስፒታሉ ደጃፍ አገኘሁት፤ እሱም ሰምቶ መጥቷል። ሳንነጋገር አብረን ገባን። ሽማግሌው እንዳዩት ቀና ሊሉ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ካመሰገኑት በኋላ፣ «መኪናው ደኅና ነው? ይህ በረዶ አልጐዳብህም?» ብለው ጠየቁት።

በዚያ ክፍል ውስጥ የተናገሩት ሌላ ነገር የለም፤ ቢኖርም አልሰማሁትም። ተማሪዬ ወደ መስኮቱ ዞረ። የኔ አምስት ገጽ ንግግር፣ በኋላም የሰጠሁት ምክር ያላደረገውን፣ ያ የዋህ ጥያቄ አደረገው።

በማግሥቱ ለገንዘብ ያዥዋ ደውሎ፣ ቃሌን አንሥቻለሁ፣ ሽጡት አላት። ካዲላኩን አንድ አሮጌ መኪና የሚወድ አሜሪካዊ በ16,500 ዶላር ገዛው፤ ደስ ብሎት ወሰደው፤ መኪናውም የሚገባውን ሰው አገኘ። ተማሪዬ የተፈረመውን ወረቀት አስለውጦ፣ በግብሩ ላይ የጻፈው በተሸጠበት ዋጋ ልክ ብቻ ነው። ማኅበሩም የመጋዘኑን ዕዳ ከፍሎ፣ ዝቅ ያለ ደረጃና ሰፊ በር ያላት፣ ብዙ ያልነዷት ቫን ገዛ። የነሐሱ ሰሌዳ ተነቅሎ ወደ ተማሪዬ ቤት ተመለሰ፤ አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተደግፎ አየሁት። ሽማግሌው ግን እስከ ዛሬ የሚሄዱት በምርኵዝ ነው። ይህን የሚመልስ ሽያጭ የለም።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ስጦታው በሐሳቡ መልካም፣ በአሰጣጡ ክፉ ነበር። ከተማሪዬ ጥፋት የኔ ይበልጣል፤ እሱ የወደደውን ዕቃ ሲሰጥ ዐይኑ በፍቅር ተሸፍኖ ነበር፤ እኔ ግን ዕቃው የኔ ስላልሆነ አጥርቼ ማየት እችል ነበር። የመምህር ሥራ እውነቱን ጠይቆ ማስተማር ሲሆን፣ እኔ ማሳመርን ብቻ ሠራሁ። ተቀባዮቹም ቢሆኑ፣ እናመሰግናለን፣ ነገር ግን አይጠቅመንም ለማለት ድፍረት አጡ፤ በይሉኝታ የተቀበሉት ነገር በየወሩ አስከፈላቸው። ይሉኝታ በአገራችን መልካም ጠባይ ነው፤ የሌላውን ሰው ድርሻ እየከፈለ ሲኖር ግን መልካምነቱ ያበቃል።

አንተ ወጣት አንባቢ፣ ምናልባት ካዲላክ የለህም፤ ወደ ፊትም ላይኖርህ ይችላል። ነገር ግን ያረጀ ኮት፣ የተነበበ መጽሐፍ፣ የቆየ ስልክ አለህ፤ አንድ ቀንም ለሰው ትሰጠዋለህ። የዚያን ቀን ከመስጠትህ በፊት ወደ ተቀባዩ ሂድና፣ ምን ቸገረህ? ብለህ ጠይቅ። መልሱ ከእጅህ ካለው ነገር ጋር ካልገጠመ፣ ዕቃውን ራስህ ሸጠህ ገንዘቡን ስጥ፤ ወይም እንደ ወደደ እንዲያደርገው ፈቅደህ ስጥና ወደ ኋላ አትመልከት። ንግግር የሚጽፍልህ ሰው ቢገኝ ደግሞ፣ አስቀድሞ ሄዶ ተቀባዮቹን አይቷቸው እንደ ሆነ ጠይቀው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።